ልጄን ለ10 ዓመት ጥናት ላስመዝግባት?

አንዲት እናት ይህን ጽፈውልኛል፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሴት ልጄ 3 ወር አልፏታል። ለ14 ሳምንቱ ክትባት ጤና ጣቢያ ወስጃት ሳለ የሕፃናትን ጤና ለ10 ዓመት የሚከታተል ጥናት ውስጥ እንድንገባ ጠየቁኝ። ይመዝኗታል፣ ቁመቷን ይለካሉ፣ ቤት እየመጡ ይጠይቁኛል፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ትንሽ ደም ይወስዳሉ። እኔ ነፃ ሕክምና የምታገኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ‹ደሟን ወስደው ምን ሊያደርጉበት ነው? ልጄ መሞከሪያ አትሆንም› ብሎ ተቆጣ። እናቴ ደግሞ ‹አንዴ ከፈረምሽ አይለቁሽም› ትላለች። ቤታችን የኪራይ ነው፣ ነገ ልንለቅ እንችላለን። ምን ይሻለኛል?»

ሦስታችሁም አንድ አንድ ነገር ስታችኋል። ከእርስዎ ልጀምር። ልጅቷን ሊጎዳ የሚችለው የእርስዎ ስህተት ነውና።

ጥናት ሕክምና አይደለም። ሐኪም ልጅዎን የሚያያት ሊያድናት ነው። አጥኚ የሚያያት ሊያውቅ ነው። ሁለቱም ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ሁለቱም ሚዛን ይዘው ስለሚመጡ መምታታቱ አይገርምም። ለጥናት የተወሰደ ቁጥር ግን ቅጽ ላይ ሰፍሮ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚመረምረው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው። እርግጥ መረጃ ሰብሳቢው ዓይኑ እያየ ዝም ማለት የለበትም። ልጅዎ 6 ወር ካለፋት በኋላ የክንዷ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ከተገኘ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ ወዲያው ወደ ሕክምና የመላክ ግዴታ አለበት። በሁለት ጉብኝት መሃል ግን ማንም አይጠብቃትም። ጠባቂዋ እርስዎ ነዎት።

ገጠር በጥናት ሥራ ላይ ሳለሁ የገጠመኝን ልንገርዎ። አንዲት እናት ልጇ ተቅማጥ ይዞት 4 ቀን ቤት አቆየችው። ለምን ብላት «የጥናቱ ልጆች ሐሙስ ይመጣሉ ብዬ ነው» አለችኝ። ልጁ ሲደርስ ዓይኑ ገብቶ ነበር። ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ከማስመዝገቤ በፊት ይህን ሳልናገር አላልፍም። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ተቅማጡ ካልቆመ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በ9 ወሯ የኩፍኝ ክትባት አለባት፣ በ15 ወሯ ደግሞ ሁለተኛው። እሱን የሚሰጣት ጤና ጣቢያው ነው፣ በነፃ። ጥናት ውስጥ ብትገባም ባትገባም ያው ነው።

ወደ ባለቤትዎ ልለፍ። «መሞከሪያ» ያሉት ቃል ለአንድ ዓይነት ጥናት ልክ ነው፣ ለሌላው አይደለም። አንዳንድ ጥናት አዲስ መድኃኒት፣ ክትባት ወይም ምግብ ይሰጥና ውጤቱን ያያል። ያ ሙከራ ነው። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይሰጥ፣ ልጆቹ እንደ ወትሮው ሲያድጉ ብቻ ይከታተላል። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት የእርስዎ ሁለተኛው ነው። ለማረጋገጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «ለልጄ የምትሰጧት ወይም የምትቀይሩባት ነገር አለ?» ይበሏቸው። «አዎ» ካሉ ነገሩ ሌላ ነው፣ እዚህ የጻፍኩት መልስም አይሠራም።

የሰውዬውን ጥርጣሬ ግን አላጣጥለውም። ሰው ሳይጠየቅ የምርምር ዕቃ ሆኖ ያውቃል። ሰው ሳይፈቅድ ምርምር አይሠራበትም የሚለው እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ የወጣው የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በሠሩት ግፍ ምክንያት ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫም ከዚያ የቀጠለ ነው። ዛሬ በአገራችን በሰው ላይ የሚደረግ የጤና ጥናት ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ታይቶ መፈቀድ አለበት። ፈቃዱ ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ የሚያበቃበትም ጊዜ አለው። ለ10 ዓመት የሚዘልቅ ጥናት በየጊዜው ማሳደስ ይኖርበታል። አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ደህና ተመራማሪ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የሚቆጣ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ።

አሁን ደሙ። በሕፃን ሰውነት ውስጥ በኪሎ ግራም ወደ 80 ሚሊ ሊትር ደም አለ። ልጅዎ አንድ ዓመት ሲሞላት 9 ኪሎ ብትመዝን 700 ሚሊ ሊትር አካባቢ ደም ይኖራታል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጥናት ከሕፃን የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። አንድ የሻይ ማንኪያ ናት። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም፣ ሰውነቷም ይተካታል። «ደም ይሸጣሉ» የሚባለውን ሰምቼዋለሁ፣ በየሰፈሩ አለ። ደም ባንክ ከአንድ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ወደ 450 ሚሊ ሊትር ነው። የሻይ ማንኪያ ደም ገዢ የለውም።

ጉዳቱ ሌላ ነው። መርፌው ያማል። ቦታው ሊበልዝ ይችላል። የሕፃን ሥር ቀጭን ስለሆነ ያልለመደ እጅ ደጋግሞ ይወጋል። ስለዚህ ሕፃን መቅዳት የለመደ ሰው እንዲቀዳት ይጠይቁ፣ ሁለቴ ሞክሮ ካላገኘ እንዲያቆም አስቀድመው ይንገሩት። እኔ በሠራሁበት ሁሉ የምሟገተው ለዚህ ደንብ ነው።

«ምን ሊያደርጉበት ነው?» የሚለው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በስምምነት ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ብዙውን ጊዜ ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር) ይለካሉ፣ የብረትና የቫይታሚን መጠን ያያሉ። ይቺን ጠይቁልኝ፦ ሄሞግሎቢኑን ስትለኩ ለከፍታ ታስተካክላላችሁ ወይ? ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳበት ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል። በባሕር ዳርቻ ልክ ከታየ ደም ያነሳት ልጅ ጤነኛ ትመስላለች። ጥናቱን በደንብ ያሰቡበት መሆኑን ከመልሳቸው ታውቁታላችሁ። ውጤቱን ለእናንተ ይነግሯችሁ እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚነግሯችሁም አብራችሁ ጠይቁ።

የተረፈው ደም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ማስተዋል የሚያስፈልገው። ዛሬ ለደም ማነስ የተወሰደ ናሙና ከ8 ዓመት በኋላ ለሌላ ምርመራ ሊውል ይችላል። ውጭ አገር ሊላክ ይችላል። የዘር ምርመራ ሊሠራበት ይችላል። አንዱም በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። ማስቀመጥ፣ ወደ ውጭ መላክ፣ የዘር ምርመራ፤ ለሦስቱም ቅጹ ላይ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚል ቦታ መኖር አለበት። አንዱን ፈቅደው ሌላውን መከልከል ይችላሉ። ሁሉን በአንድ ፊርማ የሚያስጨርስ ቅጽ ካመጡልዎት ተለያይቶ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

እናትዎ «አይለቁሽም» ያሉት ስህተት ነው። በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ጤና ጣቢያው ልጅዎን ከክትባትም ከሕክምናም ሊያስቀራት አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ወደ ኋላ አይመለስም። ስሟ ተነስቶለት ከሌሎች ልጆች መረጃ ጋር ተደባልቆ የተተነተነ ቁጥር መልሶ አይወጣም። ያልተመረመረው ናሙና ግን እንዲወገድ መጠየቅ ይቻላል፤ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቅጂውንም ይያዙ። ልጅቷም ራሷ ታድጋለች። ነገሩ ሲገባት እሷም መጠየቅ አለባት። የ9 ዓመት ልጅ እጇን ሰብስባ «አልፈልግም» ካለች የእርስዎ ፊርማ እጇን አያስዘረጋም።

10 ዓመት ለምን አስፈለገ ለሚለው፣ ነገሩ የማስታወስ ጉዳይ ነው። የ5 ዓመት ልጅ እናት «ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ስንት ጊዜ ተቅማጥ ያዘው?» ተብላ ብትጠየቅ ከየት ታምጣው? በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው እንደቀነጨሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አሳይቷል። የአንድ ሰሞን ቆጠራ ስንቱ እንደቀነጨረ ይነግረናል። እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ወር ወደ ኋላ መቅረት እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደገጠመው፣ የትኛው ተመልሶ እንዳገገመ አይነግረንም። ያንን ለማወቅ ያንኑ ልጅ ደጋግሞ ማየት ግድ ነው።

እርስዎ እኮ የእንዲህ ያለ ጥናት ተጠቃሚ ሆነዋል፣ ሳያውቁት። ጤና ጣቢያ ልጅዎን መዝነው ነጥብ የሚያደርጉበት የእድገት መስመር የዓለም ጤና ድርጅት ሥራ ነው። መስመሩ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከተለኩ ወደ 8,500 ሕፃናት ነው። ከነሱ ውስጥ ወደ 1,700 የሚሆኑት ከተወለዱ ጀምሮ እስከ 2 ዓመታቸው በቤታቸው ተከታትለው የተለኩ ናቸው። አንዲት የጋና እናት በሯን ከፍታ ስላስገባች ነው ልጅዎ ስትመዘን ከምን ጋር እንደምትነጻጸር የሚታወቀው። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ይወልዳሉ ተብለው የተመዘገቡ ከ14,000 በላይ እናቶች ልጆች ዛሬም ይጠናሉ። ለቆዳ ሽፍታ የሚቀቡት የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ቅባት ከኦቾሎኒ አለርጂ ጋር ተያይዞ የታየው በነዚያ ልጆች ላይ ነው። እናቶቹ ቅባቱን ሲቀቡ ማንም ያንን አልጠረጠረም ነበር።

ሩቅ አገር ብቻም አይደለም። ከኢትዮጵያ፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ 3,000 ልጆች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከህንድ፣ ከፔሩና ከቬትናም ልጆች ጋር በአንድ ጥናት ሲከታተሏቸው ኖረዋል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባና የወጣውን ይመዘግባል። የዳባት ሰው መረጃ ሰብሳቢ ሲያይ አይደነግጥም፣ ለምዶታል። አንዳንዱ እንዲያውም «ዘንድሮ ቆያችሁ» ብሎ ይወቅሳል።

የማይሆነውን ደግሞ አልደብቅዎትም። ከዚህ ጥናት ልጅዎ ራሷ የምታገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ውጤቱ ተጠናቅሮ መመሪያ የሚቀይረው እሷ ካደገች በኋላ ነው፣ ያውም ከቀየረ። ሌላው፣ «10 ዓመት» የሚባለው ቃል ኪዳን ሳይሆን ዕቅድ ነው። አሜሪካ 100,000 ልጆችን ከመወለዳቸው በፊት ጀምራ እስከ 21 ዓመታቸው ለመከታተል አስባ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ ወጥቶለት፣ ብዙ ገንዘብ ፈሶበት፣ ዋናው ጥናት ሳይጀመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ተዘጋ። ያንን ያህል ሀብት ያለው አገር ይህ ከገጠመው እኛ ዘንድ ገንዘብ ሲያልቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ ጥናት ሊቆም እንደሚችል መገመት ነው። ስለዚህ «ጥናቱ መሃል ላይ ቢቆም የልጄ ደምና መረጃ የት ይሄዳል?» ብለው ከአሁኑ ይጠይቁ።

ኪራዩ አያስጨንቅዎት። ከአዘዞ ማራኪ ብትገቡ ጥናቱ አይቋረጥም፣ ስልክ መደወል ነው። የእናትዎን ቁጥር ደግሞ ሁለተኛ መጠሪያ አድርገው ይስጡ። እንዲያውም ተከራይ ቤተሰብ እንዳይቀር የምፈልገው እኔ ነኝ። ተከራዩ እየለቀቀ የራሱ ቤት ያለው ብቻ ከቀረ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የምናወራው ስለ ባለ ቤት ልጆች ይሆናል። በ6 ወር ውስጥ ጎንደርን ጨርሳችሁ እንደምትለቁ የምታውቁ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይንገሯቸው።

የቤት ጉብኝቱን በተመለከተ ከደሙ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። የምትበሉትን ይጠይቃሉ። ገቢያችሁን ይጠይቃሉ። ሽንት ቤታችሁን ያያሉ። እውነቱን ይንገሩ፣ አለዚያ «አልመልስም» ይበሉ፤ ሁለቱም ይጠቅመኛል። የሚጎዳኝ ደስ እንዲለኝ የሚነገረኝ መልስ ነው። «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» የሚለውን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ሁሉም ሰው እሱኑ ይመልሳል። አራስ ልጅ ቅቤ መላሱን፣ ስኳር ውሃ መቅመሱን፣ ግግ መውጣቱን፣ እንጥል መቆረጡን ማንም አያወራም። እኛ ቅጽ ላይ «አልተደረገም» ብለን እንጽፋለን፣ ከዚያ ልጁ ለምን ቁስል እንዳመረቀዘበት ግራ ይገባናል። የመጣው ሰው ሊፈርድብዎት አልመጣም። ጋዋን ለብሶ መምጣቱ ጎረቤት የሚያስጠይቅ ከሆነ ያለ ጋዋን ና ይበሉት። ቀኑንም እርስዎ ይምረጡ። በጥምቀት ሳምንት የቤት ቀጠሮ የሚይዝ ተመራማሪ ጎንደርን አያውቃትም።

የልደት ቀኗን ዛሬውኑ ይጻፉት፣ በእኛ አቆጣጠር ይጻፉት፣ መቀየሩን ለነሱ ይተዉት። «ለኅዳር ሚካኤል ማግስት» ቢሉም ይገባናል፣ «ኅዳር አካባቢ» ግን አይሆንም። 5.8 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ 3 ወሯ ከሆነ ልክ መሃሉ ላይ ናት። 4 ወሯ ከሆነ ግን መሃሉ 6.4 ነው፣ ዝቅ ብላለች ማለት ነው። አንድ ወር መሳሳት የልጅን ታሪክ ይቀይራል።

ምስጢር መጠበቁንም ይጠይቁ። ቅጹ ላይ በስሟ ፈንታ የመለያ ቁጥር መኖር አለበት፣ ስሙና ቁጥሩ አንድ ላይ ያሉበት መዝገብ ደግሞ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ፎቶ ማንሳት ሌላ ፈቃድ ነው። ገንዘብን በተመለከተ የባጃጅና የጠፋ ጊዜ ማካካሻ ቢሰጧችሁ ተገቢ ነው። ዓይን የሚያበራ ገንዘብ ከሆነ ግን ይጠርጥሩ። ለመመዝገቢያ ክፈሉ የሚል ካለ አጭበርባሪ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። አስመዝግቧት። ግን ክትባት ወረፋ ላይ ልጅ ታቅፈው አይፈርሙ። አማርኛውን ቅጽ ይዘው ቤት ይግቡ፣ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ያንብቡት፣ በሚቀጥለው ቀን አብራችሁ ሂዱና ያልገባችሁን ጠይቁ። የቦርዱን የፈቃድ ደብዳቤ ካላሳዩአችሁ፣ ወይም የፈረማችሁበትን ቅጽ ቅጂ ከነ ቦርዱ ስልክ ቁጥር ካልሰጧችሁ አትግቡ። በነዚህ በሁለቱ አልደራደርም። «ዛሬ ካልፈረማችሁ አይሆንም» ካሏችሁም አትግቡ። ከባለቤትዎ ተደብቀው መፈረምን ደግሞ አልመክርም። የአንድ ወላጅ ፈቃድ የሚበቃበት ጥናት አለ፣ ግን አባት የማያውቀው ጥናት በሦስተኛው ጉብኝት ደጃፍ ላይ በጭቅጭቅ ያልቃል። ባለቤትዎ አንብበው፣ ጠይቀውም ደሙን ብቻ እምቢ ካሉ፣ ያለ ደም በሚዛኑና በጥያቄው ብቻ መግባት ይቻል እንደሆነ ተመራማሪውን ጠይቁት። እንደዚያ የሚፈቅዱ ጥናቶች አሉ።